የአጓሪት ጫካ ግዝት

ባለፈው ነሐሴ ለዘመድ ተዝካር ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ስሄድ፣ ከደብረ ታቦር ያሳፈረኝ ባጃጅ አፋፉ ላይ አወረደኝና ፊቱን አዞረ። «እትዬ፣ ከዚህ ወዲያ ጉሙ መኪና ይውጣል» አለኝ ሹፌሩ። የሚያጋንን ሰው ስለምወድ ሳልከራከር ወረድሁ።

ጉሙ ግን ልጁ ካለውም የባሰ ነበር። ዣንጥላዬን ብሰካበት እስክመለስ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ብፈልግ ሦስቱን ብቻ አገኘሁ። በዳበሳ ትንሽ እንደሄድሁ የእርጥብ ዛፍ ሽበት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የዛፍ ሽበት የምንለው ከኮሶና ከጥድ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለውን ግራጫ ነገር ነው፤ ሲርስ የአሮጌ ብራና ሽታ አለው። ከሽታው ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ፏፏቴያችን አጓሪት፣ እንደ ስሟ፣ ከጉሙ ወዲያ እንደ ኮርማ ታጓራለች። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁና ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ሴትዮ በዚያ ስታልፍ አይታኝ አማተበች።

የሳቅሁት ወድጄ አይደለም። ስምንት ዓመቴ ሳለ ያ ጫካ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እንዲመለስ የአገሩ ሰው ሁሉ ለፍቷል፤ የእኔ ድርሻ ግን ጫካውን መብላት ነበር።

በዚያ ዘመን አጓሪት አታጓራም። ክረምት ላይ ከጉና ተራራ የወረደውን ዝናብ ከነአፈሩ ተሸክማ፣ እንደ አተላ ቀይ ሆና፣ አንድ ሁለት ወር ትፎክራለች። ጥር ሲገባ ጉንፋን እንደያዛት አሮጊት ታስላለች። መጋቢት ላይ አንድ ጎረምሳ ከሥሯ ቆሞ አፉን ቢከፍት ሙሉዋን ይጠጣታል ይባል ነበር። የሚለው ሰው እንኳ እኔ ብቻ ነኝ። ከጫካው የተረፈው ከፏፏቴው ራስ ላይ ያለው ቁራጭ ነው፤ ሌላው ሞፈር፣ ማገርና ከሰል ሆኖ አልቋል። ዛፍ በሌለበት ጎርፉ ትልቅ ቦረቦር ቆፈረ። ቦረቦሩ ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋ ከፏፏቴው አጠገብ ወዳለችው ዋሻ ይጠጋ ጀመር። ዋሻዋ በክፉ ቀን የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት የተደበቁባት ናት። አያቶቻችን ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ይህን አይተው እረፍት ያጡት የደብራችን ቄስ፣ ቄስ ሞላ ናቸው። ጢማቸው ረጅምና ግራጫ ስለነበር የዛፍ ሽበት ይመስለኝ ነበር። ጫካ ውስጥ ብዙ የቆመ ሁሉ የሚያበቅለው መስሎኝ ከኮሶ ሥር ስጫወት አገጬን ቶሎ ቶሎ እዳብሰው ነበር።

ቄስ ሞላ አንድ ጉማም የግንቦት ጧት ሁለት ማሰሮ አመጡ። አንዱን ከትልቁ ኮሶ ሥር፣ ሌላውን ከተራቆተው ሜዳ ላይ አስቀመጡና ቅዳሴ ገቡ። ስንወጣ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ከኮሶው ሥር ያለው ማሰሮ ሩብ ሞልቷል። የሜዳው ማሰሮ ደርቆ ቁጭ ብሏል።

«አያችሁ?» አሉ። «ጉም ላም ነው። ዛፍ አላቢ ነው። አላቢውን ገድላችሁ ወተት ከየት ትጠብቃላችሁ?»

«አባ» አለ አንዱ ከኋላ፣ «ውሻ አልፎበት እንዳይሆን።»

«እንግዲያው ቅመሰው» አሉት። ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። እኔ ግን ያን ክረምት ሙሉ ጉም በመጣ ቁጥር አንጋጥጬ ጡቱን ስፈልግ ከረምሁ።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሕዝቡ ከጫካው ዳር ተሰበሰበ። ክርስቲያኑም ከላይኛይቱ ከተማ የመጣው እስላሙም ነበረ፤ የሚጠጣው ውኃ አንድ ነዋ። የከተማዋ ልብስ ሰፊ ጋሽ ሰይድ እንዲያውም በዕለቱ የሚተከለውን ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ በገዛ አህያው ያመላለሰው እሱ ነው። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዘቱ። ከዚህ ጫካ ቅጠል የበጠሰ፣ ቅርፊት የላጠ፣ እንጨት የሰበረ፣ ከዛሬ በፊትም ሰብሮ ያልተናዘዘ፣ በሰማይ በምድር የታሰረ ይሁን! ከቅዱስ ቁርባን የተለየ ይሁን!

እኔ ከፊት ቆሜአለሁ። አፌ ውስጥ መፋቂያ አለች። ወይራ ናት። ከየት እንደቆረጥኋት አትጠይቁኝ።

«ያኘከም!» ያሉ መሰለኝ። አሁን ሳስበው አላሉም ይሆናል፤ ያኔ ግን ዓይናቸው ጥርሴ ላይ ነበር። ብተፋት ትታያለች። በእጄ ብይዛት ትታያለች። ስለዚህ ዋጥኋት። የትንሿ ጣቴን ግማሽ የምታህል ነበረች፤ ስትወርድ ግን ቋሚ ማገር ነበር የመሰለችኝ።

ቄስ ሞላ ቀጠሉ። ያጠፋ ሰው በወሰደው ምትክ ዛፍ ተክሎ፣ ለመስቀል መለምለሙን ያሳየኝ፤ ያኔ እፈታዋለሁ አሉ። በመጨረሻም ሞቅ ስላላቸው ማንም ያልጠየቃቸውን ጨመሩ። «ከብቱ ገብቶ ችግኝ የበላበት፣ ጌታው ራሱ እንደቆረጠ ይቆጠራል! የድኻ አህያ ነው፣ የባለጸጋ ፈረስ ነው አልልም! ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተክሉን በተከለው ሰው ፊት ማረኝ ይበል!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«አሜን» ለማለት አፌን ስከፍት ግሳት ወጣኝ። የወይራ ግሳት።

ይህን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የአክስቴ ልጅ ሙሉቀን። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በክፋት ግን ሠላሳ ዓመት ይበልጠኛል።

«ዋጥሻት አይደል?» አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ።

«ምኗን?»

«መፋቂያዋን። ሆድሽ ውስጥ ትበቅላለች። መጀመሪያ በጆሮሽ ቅጠል ይወጣል። ከዚያ ወፍ ይሠፍርብሻል።»

«ሂድ ወዲያ!»

«ለእናና ልንገራት?»

እናና እናቴ ናት። በእሷ ዘንድ ግዝት ማፍረስ ከሰው መግደል እኩል ነው፤ ምናልባት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምቋጥራት ቆሎ ሁሉ የሙሉቀን ሆነች። ክረምቱ ሲወጣ ልጁ ጉንጩ ተነፋፍቶ ለሁለት ፊት የሚበቃ ሥጋ አውጥቶ ነበር።

የእኔ ተስፋ ችግኟ ነበረች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ሲታደል ኮሶ መረጥሁና ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ ተከልኋት። እቅዴ ግልጽ ነው፤ ለመስቀል ለምልማ ከተገኘች በጓሮ በር ቄስ ሞላ ዘንድ ሄጄ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናግሬ፣ ተፈትቼ እመለሳለሁ። ካልለመለመች ግን እንደታሰርሁ አርጅቼ፣ እንደታሰርሁ እሞታለሁ።

እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያየ ዛፍ በጉና ዙሪያ አልተፈጠረም። ዙሪያዋን በአጋም እሾህ አጠርሁ። ሲበርድ ሻርፔን አለበስኋት። ላማችን አተላ ጠጥታ ስትወፍር ስላየሁ ለእሷም አንድ ጣሳ አተላ አጠጣኋት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሰክራ አጎንብሳ ከረመች። በአራተኛው ቀን ቀና ስትል እልልታዬን የሰማ ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሎት ወጣ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ ጾም የአገራችን ልጅ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይቆርባል። እናቶች ልጃቸውን አጥበው፣ ቀብተው፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ቤተ ክርስቲያን ያደርሱታል። እኔ ግን የታሰርሁ ነኝ። ታስሬ ብቀበል ምላሴ እንደ ጧፍ ቦግ የሚል መስሎኝ ነበር። እውነቱን እንዳልናገር እናናን እፈራለሁ። የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ የበላ አይቆርብም። ስለዚህ በየጧቱ ደወል ሳይደወል አንድ ነገር አፌ ውስጥ እጨምራለሁ። ቆሎዬ ለሙሉቀን ስለሚሄድ ያገኘሁትን ነው። አንድ ቀን ጥሬ ድንች በላሁ። አንድ ቀን ለዶሮ የተበተነ ገብስ ለቀምሁ፤ አውራ ዶሮው እስከ ዛሬ አልማረኝም። ከበላሁ በኋላ እናና ፊት ሄጄ አፌን እከፍትላታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ቆነጠጠችኝ። በሦስተኛው ቀን አለንጋ አነሣች። በስድስተኛው ቀን ግን አለንጋውን ጥላ አለቀሰች።

«ይቺ ልጅ ጤና አይደለችም» አለች። «ቁርባን የሚያስጠላት እሷ አይደለችም። ያደረባት ነገር አለ።»

በማግስቱ ጧት ከፏፏቴው አጠገብ ወደሚፈልቀው ጠበል ወሰዱኝ። ሕዝቡ ከቦ ቆሟል። የጉና ጠበል በነሐሴ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ውኃው ገላ ላይ ሲያርፍ ገላ ጥሎ ይሄዳል። ቄስ ሞላ በጣሳ እየቀዱ አናቴ ላይ አፈሰሱብኝ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ጮኹ።

«በል ተናገር! ከየት ነው የያዝካት?»

እኔ ውስጤ ያለውን መንፈስ እንደሚጠይቁ በምን ልወቅ? ነቅተውብኛል አልሁ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ እውነቱን አወጣሁ።

«ከጫካው!»

«እግዚኦ!» አለ ሕዝቡ።

«መቼ?»

«በግዝቱ ዕለት!»

«በየት ገባህ?»

«በአፍ!»

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ብቻ! ትንሽዬ!»

«ትወጣለህ ወይስ አትወጣም?»

«በማግስቱ ሳይወጣ አይቀርም፣ አባ!»

እናና ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ሁለት ሴቶች ደገፏት። ቄስ ሞላ ራሳቸው ጣሳውን ወደ ታች አወረዱ፤ በክህነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ታዛዥ ጋኔን ገጥሟቸው አያውቅም። ነገሩ አልጣማቸውም መሰለኝ፣ ጠበሉን አቁመው በጋቢ አስጠቀለሉኝ።

ወሬው ግን አልቆመም። በጫካው ውስጥ ትንሽዬ ጋኔን አለ፣ በአፍ ይገባል ተባለ። አንበሳሜ ገበያ ሲደርስ ጋኔኑ ሰባት ራስ አብቅሎ ነበር። ከሰል አክሳዮቹ እንኳ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው በሌላ መንገድ መዞር ጀመሩ። ያን ክረምት ከግዝቱ ይልቅ እኔ ነኝ ጫካውን የጠበቅሁት ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ችግኟ አድጋለች። አምስተኛ ቅጠሏን አውጥታለች። ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀር አንድ ጧት ሻርፔን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ፈርሷል። ከአጥሩ ውስጥ በቅሎ ቆማለች። ከአፏ ጥግ አንዲት የኮሶ ቅጠል ብቅ ብላለች። ዓይኔን በዓይኔ እያየችኝ ቀስ ብላ ሳበቻትና ዋጠቻት።

ከኋላዬ ሙሉቀን መጣ። በቅሎዋን አየ፣ የቀረችውን ጉቶ አየ፣ እኔን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላፌዘም።

«የቄስ ሞላ በቅሎ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሙሉቀን ግን ምስጢር ማቆየት የሚችለው ቆሎ ሲያኝክ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አፉ ባዶ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን የበቅሎዋን ነገር ያልሰማ አልነበረም፤ የመፋቂያዋን ግን ለሌላ ቆሎ አስቀራት።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወደ ቤቱ አልሄደም። ምን እንደሚሆን ለማየት ቆመ። ቄስ ሞላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ጥምጥማቸው የለም። በአንገታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አለ። እንዳጎነበሱ ሕዝቡን አቋርጠውና አስከትለው፣ እኔና እናና ከጉቶዋ አጠገብ ወደቆምንበት ቦረቦሩ አፋፍ ድረስ መጡ። ከፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ የገዛ አፌ ያዘኝ» አሉ። «ከብቴ በልታብሻለች። ማሪኝ።»

እናና ከጎኔ ቆንጠጥ አደረገችኝ። «በይ እንጂ! ይማርዎ በይ!»

«አልችልም» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«አልችልም!»

«ኧረ ይቺ ድመት!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ቄስ በድንጋይ አቁማ ትመጻደቃለች!»

የሽማግሌው ንግግር ነው የገፋኝ። «እኔም ታስሬያለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። «የታሰረ ሰው ቢምር አይሠራም! አባ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ይቀራሉ! መፋቂያ ቆርጫለሁ! ወይራ ነው! ሲገዝቱ ዋጥሁት! ዛፏን የተከልኋት ለእሱ ነበር፤ በቅሎዋ በላቻት!»

እናና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የጠበሉ ነገር ለሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ፈነዳች፤ ከዚያ ሌሎቹ ሳቁ። ከድንጋዩ ሥር የቄስ ሞላ ጢም ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥሁ።

«እሺ» አሉ ሳቃቸውን ውጠው። «እንግዲያው ያልታሰረ አንድ ሰው ይምጣና ይማረኝ። አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ እንኳ…» አለች እናና ከነጠላዋ ውስጥ፣ «ዘነዘናዬ ከዚያ ነው።»

«እናና!» አልሁ።

«ዝም በይ አንቺ!»

«የእኔ ሞፈር» አለ ያ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቀንበሩም። ድግሩም።» ትንሽ አሰበና «የቤቴ ምሰሶም» አለ። ሌላው መቃን አለ፣ ሌላው የአልጋ እግር አለ። እንዲህ እየተባለ ሲቆጠር ጫካው አላለቀም፤ በየቤታችን ቆሟል።

ያኔ አንዱ «ጋሽ ሰይድ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ዞርን። እውነት ነው! የቄስ ግዝት እስላም አይይዝም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልታሰረ እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ሰይድ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በእጁ ጠቀለለ። «ግዝታችሁስ አይመለከተኝም» አለ። «ነገር ግን ወላሂ፣ የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ዝግባ ነው። ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። እኔ በምን አፌ ቄስ እምራለሁ?»

ጉሙ ከታች እየተሳበ መጥቶ እግራችንን ሸፈነ። ቄስ ሞላ እንዳጎነበሱ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስምንት።»

«ሕፃን በግዝት አይያዝም።»

አልገባኝም። «ትንሽም?»

«ቅንጣት።»

«አንድ ቀንም አልታሰርሁም?»

«አንድ ቀንም።»

ሦስት ወር ሙሉ የተነጠቅሁት ቆሎ፣ ጥሬው ድንች፣ አለንጋው፣ ያ ጠበል፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። «ለምን ያን ዕለት አልነገሩንም ታዲያ?» አልሁ እያለቀስሁ።

ቄስ ሞላ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብለው አዩኝ። «ሕፃን ይሰማኛል ብዬ አላሰብሁም» አሉ።

ከዚያም ድንጋዩን አንገታቸው ላይ አስተካክለው እንደገና፣ ከበፊቱ ዝቅ ብለው፣ «ማሪኝ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይማርዎ» አልኋቸው። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ሠራ። ድንጋዩ ወረደ። አልጣሉትም፤ ከቦረቦሩ አፍ ላይ በሁለት እጃቸው አስቀመጡትና ቀና ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«በል» አሉ። «የወሰድከውን ያህል ድንጋይ ተሸክመህ ና። እዚህ ታስቀምጣለህ፤ ጎርፉ ይቆማል። ከኋላው አንድ አንድ ኮሶ ትተክላለህ። ያልታሰረው ሰው ደግሞ ይኸው ቆሟል።»

ያልታሰረው ሰው አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ሕዝቡ ድንጋይ ፍለጋ ተበተነ። ሽማግሌው ዳቦ የምታህል ይዞ ሲመጣ ቄስ ሞላ «የወሰድከው ሞፈር ነው ወይስ ስንጥር?» ብለው መለሱት፤ ሁለተኛ ሲመጣ እያቃሰተ ነበር። ጋሽ ሰይድ የጠረጴዛውን ርዝመት በሜትር ለክቶ፣ ልክ የሚመጥን ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣ። ሙሉቀን ሕፃን ስለሆነ አይመለከተውም ነበር፤ እኔ ግን ይመለከተዋል አልሁ፣ የተቃወመም አልነበረም። እንደ ቁርባን ሰልፍ ተሰልፈው አንድ በአንድ ከፊቴ ያጎነብሳሉ፤ «ይማርህ» እላለሁ፣ ድንጋዩ ይቀመጣል። ግድቡ ጉልበቴን አለፈ፣ ወገቤን አለፈ። ሥልጣን እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ደስ ያላለኝን ሰው ትንሽ አቆይ ጀመር።

ከዚያ የእናና ተራ ደረሰ። እንደ ሌሎቹ ዝቅ ብላ አጎነበሰች። ግን ከድንጋዩ ሥር በአንድ ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቤት እንደምንገናኝ ዓይኗ ነገረኝ።

ከሕዝቡ ሁሉ ፈጥኜ የማርሁት እሷን ነው።